መንደሩ የሚያውቀው ምስጢር

ጤና ይስጥልኝ።

የተከበራችሁ አንባቢዎች፣ ወጣት ጸሐፍት፣ እንዲሁም ይህን ሁሉ ጭቃ ተሻግራችሁ ከከተማ እስከ ሱሉልታ የመጣችሁ ወዳጆች፤ እንኳን ደህና መጣችሁ።

ስለ ወንጀል ልቦለድ እንድናገር ነው የጋበዛችሁኝ። በቀጥታ ልግባ። ብዙዎቻችን ወንጀል ስንጽፍ ወደ ከተማ እንሮጣለን። ሆቴል እናስገባለን፣ መኪና እናስገባለን፣ ካፖርት የለበሰ መርማሪ እናቆማለን። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው፤ ለዚህ ዓይነት ታሪክ ከእንጦጦ ጀርባ ያለ መንደር ይበልጣል። ከተማ ውስጥ ጎረቤት ጎረቤቱን አያውቅም። መንደር ውስጥ ሁሉም ያውቃል፣ የሚናገር ግን የለም። እዚህ የመርማሪው ትልቁ ሥራ ሰው ማናገር ነው።

የጥንቶቹ ይህን በደንብ ገብቷቸው ነበር። አፈርሳታ ሲባል ሰምታችኋል፤ አውጫጭኝም ይባላል። ከብት ሲሰረቅ ወይም ሰው ተገድሎ ገዳዩ ሲጠፋ የአገሩ ሰው ተጠርቶ አንድ ቦታ ይሰበሰባል። ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤት መሄድ የለም። እርሻ ይቆማል። የሚያውቅ ሰው ስሙ ሳይነሳ ለሽማግሌዎች ሹክ ይላል፤ እሱን ወፍ ይሉታል። ጥፋተኛው ካልተገኘ አገሩ በጋራ ይከፍላል። እስቲ አስቡት። ጭጋጉ ወርዷል። ሰዉ በርዶታል፣ ርቦታል። ገዳዩም አብሮ ተቀምጦ ቆሎ ይቆረጥማል። ቀኑ ሲገፋ ሰው እርስ በርሱ በጎሪጥ መተያየት ይጀምራል። ወንድም ወንድሙን ይሸሻል። ይህን የመሰለ ትዕይንት ደጃችን ላይ እያለ ለምን ከሩቅ አገር እንበደራለን? ያናድደኛል፣ እውነቴን ነው።

ዛሬ አፈርሳታ እንደ ድሮው አይደለም። ለወንጀል ምክንያት ግን ሞልቷል። እዚህ ዙሪያውን፣ ሰንዳፋም በሉ ሆለታ፣ የነገሩ ሁሉ ሥር መሬት ነው። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት አይሸጥም፣ አይለወጥም ይላል። ሰው ግን ይሸጣል። ስለዚህ ውሉ በድብቅ ነው፤ ብድር አስመስለው ይጽፉታል። ደላላ አለ። ምስክሮች አሉ። አባት የፈረመውን ልጅ አያውቅም። ማታ ባዶ የነበረ ማሳ ላይ ጠዋት ጨረቃ ቤት ቆሞ ይገኛል። እንግዲህ ከምስክሮቹ አንዱ ወንዝ ዳር ሞቶ ቢገኝስ?

አሁን ወደምወደው ነገር ልምጣ፤ ወደ ፍንጩ። በዚህ አካባቢ ወተት ኑሮ ነው። ጎህ ሳይቀድ ይታለብና ወደ አዲስ አበባ ይጫናል። አንድ ጠዋት ብቻዋን የምትኖር ሴት ደጅ ላም ትጮኻለች። ጡቷ ተወጥሯል። ሳትታለብ የቀረችው ዛሬ ጠዋት ብቻ ነው ወይስ ትናንት ማታም? ይህን የለየ ሰው ሴትየዋ መቼ እንደሞተች ተጠግቶ ይናገራል። ከከተማ የመጣው ኢንስፔክተር ላሟን አልፏት ይገባል። ወተት ሰብሳቢው ልጅ ግን ቆም ይላል።

ጭቃው ላይ ደግሞ ዱካ አለ። ግማሹ መንደር የሚጫማው ኮንጎ ጫማ ነው፤ ዱካው ሁሉ አንድ ዓይነት ነው። ነገር ግን ኮንጎ ሲቀደድ በጋለ ብረት ቀልጦ ይጣበቃል። የተጣበቀበት ቦታ ጠባሳ ይይዛል፤ ጠባሳው ጭቃ ላይ ይታተማል። የማንን ጫማ የት ላይ እንዳጣበቀ የሚያስታውሰው ጠጋኙ ነው። በክረምት ደግሞ ዝናቡ እስኪመጣ ድረስ ነው ጊዜው። ከዚያ በኋላ ዱካም የለ፣ ማስረጃም የለ።

ሌላም የሚያጣድፍ ነገር አለ። እኛ ሬሳ አናሳድርም። የእድሩ ጥሩምባ ማለዳ ተነፍቷል፣ ድንኳኑ ተተክሏል፣ ጉድጓዱ እየተቆፈረ ነው። መርማሪው «አስከሬኑ ለምርመራ ሆስፒታል ይሂድ» ይላል። ቤተሰቡ «ሬሳችን አይነካም» ብሎ ይቆማል። ማን ነው ትክክል? ሁለቱም እውነት አላቸው፤ ለሁለቱም እውነታቸውን ስጧቸው። ቤተሰቡን ኋላ ቀር አድርጎ መሳል ቀላል ነው። እባካችሁ አታድርጉት። ከመካከላቸው ግን ቀብሩ እንዲፈጥን ከሁሉ በላይ የሚወተውት አንድ ሰው ይኖራል። እሱን አንባቢ ለቅሶ ድንኳኑ ውስጥ ይየው። ንፍሮ ሲያዞር፣ እንግዳ ሲያስቀምጥ፣ ደፋ ቀና ሲል ይየው።

አንድ ነገር ደግሞ አደራ እላለሁ። ሱሉልታ ላይ ያለች እናት ልጇን የምታለቅሰው በኦሮምኛ ነው። እንጉርጉሮዋ ውስጥ የሰው ስም ይነሳል፣ የቆየ ቂም ይነሳል። አማርኛ ብቻ የሚያውቅ መርማሪ ከላካችሁ አስተርጓሚ ያስፈልገዋል። አስተርጓሚውም የዚያው መንደር ልጅ ነው። ዘመድ አለው፣ ማሳ አለው። ምናልባትም እዚያ ውል ላይ ፈርሟል። እናትየው ብዙ ተናግራ እሱ አጭር አድርጎ ቢመልስ መርማሪው ምን ያደርጋል? ኦሮምኛ የምትሰሙ ልጆች እዚህ ብዙ ናችሁ። ይህን ታሪክ ከእናንተ በላይ ሊጽፈው የሚችል ሰው አላውቅም።

እኔ ይብቃኝ። ረቂቅ ይዛችሁ የመጣችሁ እንዳላችሁ ተነግሮኛል። ከኋላ ከተቀመጡት እንጀምርና የመጀመሪያውን ገጽ አንብቡልን። አመሰግናለሁ።