ወረቀት አውሮፕላን አይጠግንም

ሰላም ልጆች፣ እንኳን ለዚህ አበቃችሁ። ዛሬ ስለ ኤዲ ላወራችሁ ነው፣ ያው ኤርዎርዚነስ ዳይሬክቲቭ፣ ተቆጣጣሪው መስሪያ ቤት "ይሄን እስከዚህ ቀን ካልሰራችሁ አይበርም" ብሎ የሚያወጣው ትእዛዝ። ግዴታ ነው፣ እዚህ ላይ ክርክር የለም።

ግን ሁሉም ኤዲ ጥገና አያዝም፣ ይሄን ብቻ ብትይዙልኝ ይበቃኛል። ጥቅምት 19፣ 2011 የኢንዶኔዥያው ላየን ኤር ቦይንግ 737 ማክስ ጃቫ ባህር ላይ ወደቀ፣ 189 ሰው። በ9ኛው ቀን የአሜሪካው የአቪዬሽን ተቆጣጣሪ ኤፍኤኤ አስቸኳይ ኤዲ አወጣ፣ ምን አለ? የበረራ ማኑዋሉ ላይ በ3 ቀን ውስጥ ጽሁፍ ይጨመር፣ ስታቢላይዘሩ፣ ያው የጅራቱ አግዳሚ ክንፍ፣ በራሱ የአውሮፕላኑን አፍንጫ ወደታች ከገፋው ፓይለቱ ስታቢላይዘሩን በኤሌክትሪክ የሚያንቀሳቅሰውን የትሪም ስዊች ያጥፋ። በቃ። አፍንጫውን በራሱ ወደታች የሚገፋው ሶፍትዌር፣ ኤምካስ የሚለው ስም እንኳን የለበትም! ክንፉ ንፋሱን የሚገጥምበትን አንግል የሚለካ አንድ ሴንሰር ብቻ አምኖ የሚወስነው ይሄ ሶፍትዌር እንዳለ ማክስ መብረር ቀጠለ፣ መጋቢት 1 ደግሞ የኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በረራ 302፣ በተነሳ በ6 ደቂቃ ቢሾፍቱ አካባቢ፣ 157 ሰው ነፍሳቸውን ይማር። ፓይለቶቹ እኮ ስዊቹን አጥፍተው ነበር፣ በእጅ የሚዞረው ትሪም ነው እምቢ ያላቸው። ሁሌም የሚያበግነኝ ይሄ ነው።

ጥገናውን ያዘዘው ኤዲ የወጣው ህዳር 2013 ነው፣ አዲስ ሶፍትዌር፣ ሁለቱ ሴንሰሮች እንዲነጻጸሩ፣ የስታቢላይዘር ትሪም ሽቦዎች እንዲለያዩ፣ ሴንሰሮቹ እንዲፈተሹ፣ ከዛ ያለመንገደኛ አንድ በረራ።

የኛን የቴክኒሻኖቹን ጣጣ ደግሞ አላስካ ኤርላይንስ 261 ላይ እዩት፣ ጥር 1992 ካሊፎርኒያ አጠገብ ባህር ውስጥ የገባው ኤምዲ 83፣ 88 ሰው። የጅራቱ ጃክስክሩ፣ ያው ስታቢላይዘሩን የሚያንቀሳቅሰው ትልቅ ብሎን፣ ከባህር ሲወጣ የዳዶው ጥርስ ተልጦ እንደ ሽቦ ስክሩው ላይ ተጠምጥሞበታል፣ የሚሰራበት ቦታ ላይ የረባ ግሪስ አልተገኘም። ግሪስ የሚደረግበት ጊዜ ተራዝሞ ተራዝሞ 8 ወር ደርሶ ነበር! ከአደጋው በኋላ ነው በኤዲ በየ650 የበረራ ሰዓት ይደረግ የተባለው።

ስለዚህ ኤዲ ሲመጣላችሁ ቀኑን ብቻ አይታችሁ አትሩጡ፣ ምን ይሰራ እንደሚል አንብቡ፣ "ማኑዋል ይታረም" ብቻ ከሆነ ዋናው ጥገና መቼ ነው ብላችሁ ኢንጂነሪንግን ጨቅጭቁ፣ ቢሰለቹባችሁም ይሰልቹ። ግሪስ ከሆነ አሮጌው ወጥቶ አዲሱ ብቅ ሲል በአይናችሁ ሳታዩ ፓምፑን አታስቀምጡ፣ ጨለማ ነው ጠባብ ነው አይባልም፣ ባትሪ ያዙ፣ ስራው ተሰርቷል ተብሎ ሳይን የሚደረገው ከዛ ወዲያ ነው። ጥያቄ ያለው አሁን ይጠይቅ፣ ከሌለ ሀንጋር እንውረድ።