አጀንዳው ቀድሞ ይድረሰን

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬም ከደብረ ማርቆስ ነኝ፤ እንግዳ የለኝም፣ ብቻዬን ነው የማወጋችሁ። ከጓሮ ዶሮ ቢጮህ እለፉኝ።

ስለ ፓርላማ ላውራ ብያለሁ። ሰዎቹን ለጊዜው እንተዋቸውና አሠራሩን እንይ። የኮመንዌልዝ አገሮች የፓርላማ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2006 ያወጣው የዴሞክራሲያዊ ምክር ቤቶች መመዘኛ አለ። እኛ የኮመንዌልዝ አባል አይደለንም፤ ቢሆንም ነገሩ ለማንም ይሆናል። አባላት ስብሰባውንና አጀንዳውን በቂ ጊዜ ሲቀረው ይወቁ፣ ሕዝቡም በረቂቁ ላይ ሐሳቡን የሚሰጥበት ዕድል ይኑረው ይላል። ምን አዲስ ነገር አለው ትሉ ይሆናል። የሰፈራችን እድር እንኳ መዋጮ ሊጨምር ሲያስብ ወሬው ቀድሞ በየቤቱ ገብቶ፣ ቡና ላይ ተብላልቶ ነው እጅ የሚወጣው።

ጎጃም ይህን በደሙ ያውቀዋል። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ሥራ ገቢ ግብር አዋጅ ሲመጣ ሞጣና ብቸና ጠመንጃ አነሡ። አውሮፕላን ሳይቀር ተላከባቸው። በመጨረሻ አገረ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁሥላሴ ተነሡ፣ ግብሩም ሳይሰበሰብ ቀረ። የሚገርመኝ ምን መሰላችሁ? ያን ጊዜ ፓርላማው ተኝቶ አልነበረም፤ በረቂቁ ላይ ተከራክሮ አሻሽሎታል። ክርክሩ ግን አዲስ አበባ ቀረ። አባይን የተሻገረው መሬት ሊለካ ነው፣ ርስት ሊነጠቅ ነው የሚለው ወሬ ነው። በልጅነቴ ሽማግሌዎች ሲያወሩ የሰማሁትም ስለ ቀላድ፣ ስለ መሬት መለኪያው ገመድ ነው፤ ስለ ግብሩ መጠን ያነሣ ሰው ትዝ አይለኝም።

አሁን ወዳለንበት ልምጣ። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 58 ከግማሽ በላይ አባላት ካልተገኙ ምልዓተ ጉባኤ የለም ይላል፤ ስብሰባውም በግልጽ ይካሄዳል። ደግ ነው። የሥራ ዘመኑስ? ከመስከረም የመጨረሻ ሳምንት ሰኞ እስከ ሰኔ 30፣ በመሃል የአንድ ወር እረፍት። እስቲ ይህን ከገበሬው ዓመት ጋር አስተያዩት። በጀቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ሰኔ ሳያልቅ መጽደቅ አለበት፤ ሰኔ ደግሞ ገበሬው ከበሬ ኋላ ነው። ተወካዩ ረዘም ያለ ፋታ የሚያገኘው በክረምት፣ የገጠሩ መንገድ ጭቃ በሆነበት፣ ጤፍ በሚዘራበት ጊዜ። በሐምሌ ዝናብ ማን ማንን ይሰበስባል?

ስለዚህ እኔ ዓይኔን የጣልኩት በመሃሉ ወር ላይ ነው። እህሉ ተወቅቶ ጎተራ ከገባ በኋላ ቢውልና ተወካዩ ያልጸደቀ ረቂቅ ይዞ ቢመጣ፣ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰው ራሱ ተሰብስቦ ይጠብቀዋል። የጸደቀ አዋጅ ሊያስረዳ ከሆነ የሚመጣው ግን፣ ያው ስብሰባው አበልና ለስላሳ ሆኖ ይቀራል።

ከመጽደቁ በፊት ረቂቅ አዋጅ በእጃችሁ ገብቶ የሚያውቅ ካላችሁ፣ እንዴት እንዳገኛችሁት በድምፅ መልእክት ላኩልኝ። በሚቀጥለው ክፍል አሰማዋለሁ።