መጀመሪያ ኋላ ወንበር ላይ ተቀመጡ

ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ የማወራው ስለ ድሮ መኪና ነው፤ ስለ ሞተር ጉልበትና ስለ ቀለም ሳይሆን ቤተሰብ ጭኖ ስለመውጣት። ሽርሽርም ይሁን የመኪና ትርኢት፣ ልጆችም አያቶችም አብረው ስለሚሄዱበት ቀን።

የድሮ መኪና ወዳጆች አንድ ዓመል አለን። መኪናውን የምናውቀው ከመሪው በኩል ብቻ ነው። የዘይት ግፊቱን እናያለን፣ ማርሹ ሲገባ በእጃችን ይሰማናል፣ የሞተሩን ድምፅ እንወደዋለን። ኋላ የተቀመጠ ሰው ግን ከዚህ አንዱም አይደርሰውም። እሱ ጋ ያለው የቤንዚን ሽታ፣ ፀሐይ የጠበሰው የላስቲክ ወንበርና ግማሽ ድረስ ብቻ የሚወርድ መስኮት ነው። ስለዚህ የእኔ ሐሳብ ይሄ ነው፦ ቤተሰብ ከመጫናችሁ በፊት ሌላ ሰው ይንዳላችሁና እናንተ ኋላ ወንበር ላይ ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። መስኮቶቹን ዘግታችሁም ከፍታችሁም፣ ዳገትም ቁልቁለትም ሞክሩት። ከመሪው በኩል በዓመታት የማይታያችሁ ነገር እዚያ ወዲያው ይታያችኋል።

መጀመሪያ የምታገኙት ጭስ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድ ቀለምም ሽታም የለውም። የሚሸታችሁ ያልተቃጠለ ቤንዚንና ዘይት ነው፤ ግን እሱ የገባበት ቀዳዳ ለሌላውም ክፍት ነው። ልጅ ራሴን አመመኝ፣ አቅለሸለሸኝ ሲል "መኪና አይስማማውም" ብሎ ማለፍ የተለመደ ነው። እኔ ግን በድሮ መኪና ውስጥ ይህን ቃል ስሰማ መጀመሪያ የምጠረጥረው ማርሚታውን፣ ማለትም የጭስ ማውጫውን ነው።

ምርመራው ቀላል ነው። ሞተሩ ቀዝቃዛ እያለ፣ ደጅ ላይ፣ አስነሱት። አንድ ሰው ወፍራም ጓንት አድርጎ በጨርቅ የጭስ ማውጫውን ጫፍ ለጥቂት ሰከንድ ይጫን። ሌላው በየመጋጠሚያው ጆሮውን ይስጥ። "ፍስስ" የሚል ካለ፣ ወይም መጋጠሚያው ዙሪያ ጥቁር ጥላሸት ከተቀባ፣ እዚያ ያፈስሳል። ቀጥሎ ወለሉን እዩ፤ ምንጣፉን ገልጣችሁ የዛገ ቀዳዳና የወደቀ የጎማ ውታፍ ፈልጉ። የኋላ ዕቃ መጫኛውን ክዳን ማሸጊያ ጎማ ለመፈተሽ ቁራጭ ወረቀት አስገብታችሁ ክዳኑን ዝጉበትና ሳቡት። ወረቀቱ ሳይያዝ ሹልክ ካለ ጎማው ሞቷል። ሌላም አለ፦ ረጅም የቤተሰብ መኪና ላይ የኋላውን መስታወት ከፍቶ መንዳት አየር የሚያስገባ ይመስላል፤ የሚያስገባው ግን ጭስ ነው። መኪናው ሲሮጥ ከኋላው የአየር ግፊቱ ዝቅ ስለሚል የራሱን ጭስ መልሶ ይስባል። አየር ከፈለጋችሁ የፊቱን ክፈቱ። በባትሪ የሚሠራ ትንሽ የካርቦን ሞኖክሳይድ መመርመሪያም ኋላ ወንበር አካባቢ ብታስቀምጡ ጥሩ ነው፤ የፊተኛው ዳሽቦርድ ላይ ሳይሆን ልጆቹ ጋ።

ቮልስ ያላችሁ ሁለት ነገር ጨምሩ። የቮልስ ማሞቂያ የሚሠራው በጭስ ማውጫው ዙሪያ ባለፈ አየር ነው። ያ ክፍል ከዛገ ማሞቂያውን መክፈት ማለት ጭሱን መኪናው ውስጥ መጋበዝ ነው። ሁለተኛው ባትሪው ነው፤ በብዙዎቹ ሞዴሎች ከኋላ ወንበር ሥር ይቀመጣል። ክዳኑ ከጠፋና ከበድ ያለ ሰው ከላይ ከተቀመጠ የወንበሩ ሽቦ ወርዶ የባትሪውን ጫፎች ሊነካ ይችላል። ከዚያ ብልጭታ፣ ከዚያ የወንበሩ ሙሊት ማጨስ። የጠፋውን ክዳን መተካት የደቂቃ ሥራ ነው።

ወደ ቀበቶ እንሂድ፤ እዚህ ላይ ትንሽ እቆያለሁ። ባለሦስት ነጥብ ቀበቶን ቮልቮ መግጠም የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። አሜሪካ ውስጥ ቀበቶ በፋብሪካ እንዲገጠም ግዴታ የሆነው ደግሞ በ1968 ነው። ስለዚህ ከዚያ በፊት የተሠራ መኪና ኋላ ወንበሩ ላይ ምንም ላይኖረው ይችላል፣ ቢኖረውም ብዙ ጊዜ የወገብ ብቻ ነው። የራሱ የውስጥ ማሰሪያ ያለው የሕፃን ወንበር አብዛኛውን ጊዜ በወገብ ቀበቶ መታሰር ይችላል፤ መመሪያው ላይ ይህ መፈቀዱን አንብቡ። ልጁን ከፍ የሚያደርገው ማስቀመጫ ግን የትከሻ ቀበቶ ከሌለ አይሆንም። የወገብ ቀበቶ ብቻ ሲሆን ግጭት ሲመጣ ልጁ ወደፊት ይታጠፍና ጭንቅላቱ የፊት ወንበሩን ይመታል፣ ቀበቶውም ሆዱ ላይ ያርፋል።

ቀበቶ ስታስገጥሙ ወለሉን በስቶ ቡሎን ማሰር ብቻ አይበቃም። ስስ ላሜራ በጉተታ ይቀደዳል። ከሥሩ ሰፋ ያለ ወፍራም የብረት ሳህን ያስፈልጋል፣ ወለሉም ዝገት የሌለበት መሆን አለበት። የፋብሪካ ማሰሪያ ነጥብ ካለ ሌላ ቀዳዳ አትብሱ። ባለሁለት በር ከሆነ ደግሞ የፊት ወንበሩን መደገፊያ ወደፊት ግፉት። ምንም ሳይይዘው ከታጠፈ ፍሬን ሲያዝ ከኋላ ያለው ሰው ክብደት የፊተኛውን መሪው ላይ ይገፋዋል። "የመኪናው ኦሪጅናልነት ይበላሻል" የሚል ክርክር አውቃለሁ። ለትርኢት ብቻ ለሚቆም መኪና ይከራከሩበት፤ ልጅ ለሚጫንበት ግን ክርክሩ አይገባኝም። ቀበቶ የማይገጠምለት መኪና ከሆነ ትንንሾቹ በሌላ መኪና ይከተሉና ትርኢቱ ቦታ ላይ ቆሞ እያለ ይቀመጡበት።

አምስት ሰው ሲጫን መኪናው ሌላ መኪና ይሆናል። ብቻችሁን ስትነዱት የምታውቁት ፍሬን ወደ 300 ኪሎ ሊጨመርበት ይችላል። የኋላው ዝቅ ስለሚል የፊት መብራቱ ወደ ሰማይ ያያል። ጎማ ላይ ጥርሱን ብቻ አትዩ፤ ብዙ የማይነዳ መኪና ጎማው ሳያልቅ ያረጃል። ጎኑ ላይ "ዶት" (DOT) ከሚለው ጽሑፍ መጨረሻ ያሉት 4 አሃዞች 2319 ከሆኑ እ.ኤ.አ. በ2019፣ በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ከ6 ዓመት በኋላ በየጊዜው ስንጥቅ ፈልጉ፤ 10 ዓመት ከሞላው ጥርሱ አዲስ ቢመስልም ቤተሰብ አይጫንበት። የጎማው ነፋስም ለሁሉም እኩል አይደለም። ሞተሩ ከኋላ የሆነው ቮልስ ለምሳሌ ፊቱ ወደ 18፣ ኋላው ወደ 27 ፒ.ኤስ.አይ. ነው የሚፈልገው። ጎሚስታው አራቱንም 32 ካደረገላችሁ መሪው እንደ ሳሙና ያንሸራትታችኋል።

የፍሬን ዘይት ከአየር ላይ ውሃ ይስባል፣ ስለዚህ መኪናው ቆሞ ቢከርምም በየ2 ዓመቱ ይቀየር። ብዙ የድሮ መኪኖች የፍሬን መስመራቸው አንድ ብቻ ነው። አንድ የጎማ ቱቦ ከፈነዳ አራቱም እግር ፍሬን ያጣል፣ የሚቀረው የእጅ ፍሬን ብቻ ነው። የታምቡር ፍሬን በረጅም ቁልቁለት ይሞቅና መያዝ ይተዋል፤ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት ማርሽ ቀንሱ። ከተነሳችሁ ከ15 ወይም 20 ኪሎ ሜትር በኋላ አንድ ጊዜ ቁሙና እጃችሁን ወደ እያንዳንዱ ቸርኬ አስጠጉ፣ አትንኩ። አንዱ ከሌሎቹ ይበልጥ ካቃጠለ ፍሬኑ አልለቅ ብሏል ወይም ኩሽኔታው እየሄደ ነው። አልለቅ የሚለው ብዙ ጊዜ የጎማ ቱቦው ውስጡ አብጦ ዘይቱን ስለማይመልስ ነው፤ ከውጭ ሲያዩት ደህና ይመስላል።

አሁን የመንገዱ ነገር። ሰዎች የሚያሳስባቸው ሲሄድ እንዳይቆም ነው። የድሮ መኪና ግን የሚያስቸግረው ከቆመ በኋላ ነው። ሞተር ሲጠፋ ውሃው መዞሩን ያቆማል፣ አየሩም ይቆማል፣ የብረቱ ሙቀት ቤንዚንና አየር ወደሚቀላቅለው ካርቡሬተርና ወደ ቤንዚን ፓምፑ ይወጣል። ከ10 እስከ 30 ደቂቃ ያለው ጊዜ ነው ክፉው፤ ቤተሰብ ወርዶ ቡና ጠጥቶ የሚመለሰው ደግሞ ልክ በዚያ ሰዓት ነው። ስለዚህ ዕረፍት ወይ በጣም አጭር ይሁን፣ ወይ ምሳ በልታችሁ የምትነሱበት ረጅም ይሁን። በመሃል ከሆነ ኮፈኑን ክፈቱት፣ ጥላ ሥር ቁሙ። ካልነሳና ቤንዚን የሚሸት ከሆነ ካርቡሬተሩ ሞልቶ ፈስሷል ማለት ነው፤ ፔዳሉን ደጋግማችሁ አትርገጡ፣ እስከ ወለሉ ረግጣችሁ ይዛችሁ አስነሱ። ምንም ካልሸተተ ቤንዚኑ ፓምፑ ላይ ተንኖ ሊሆን ይችላል፤ እርጥብ ጨርቅ ፓምፑ ላይ አድርጉና ጠብቁ። የዛሬ ቤንዚን በቀላሉ ይተንናል፣ ኤታኖል ካለበት ደግሞ የድሮ የጎማ ቱቦን ያሟሟል። የቤንዚን ቱቦዎቹ ለኤታኖል ቤንዚን በተሠራ ዓይነት ያልተቀየሩበት መኪና ቤተሰብ ለመጫን ዝግጁ አይደለም፤ የእሳት ማጥፊያውም ከኋላ ዕቃ ሥር ሳይሆን ሹፌሩ እጁ የሚደርስበት ይሁን።

ውሃ ያለው ሞተር ሙቀቱ ሲወጣ የመኪናውን የውስጥ ማሞቂያ መክፈት ይረዳል፤ አንድ ተጨማሪ ትንሽ ራዲያተር ነው። ኋላ ያሉት ያጉረመርማሉ፣ ልክም ናቸው። የራዲያተሩን ክዳን ግን ሙቅ እያለ ማንም አይንካ። ክዳኑን ግፊቱ በበለጠ ለመተካትም አትቸኩሉ፤ እያንዳንዱ ፒ.ኤስ.አይ. የመፍያውን ነጥብ ወደ 1.5 ዲግሪ ከፍ ያደርጋል፣ ያረጀው ራዲያተር ግን ያን ግፊት ላይችለው ይችላል።

ልጆች እንዳይሰለቻቸው የሚደረገው ነገር ስልክ መስጠት ይመስላል። እኔ ሥራ ስጧቸው ባይ ነኝ። ፊት የተቀመጠ ሰው የሙቀቱንና የዘይት ግፊቱን መርፌ ይጠብቅ፤ የተለመደው ቦታ የት እንደሆነ አንድ ጊዜ አሳዩትና ከዚያ ሲወጣ ይናገር። ቮልስ ላይ የቻርጅ ቀይ መብራት ሲበራ የሚጮህ ልጅ ከማንኛውም መሣሪያ ይበልጣል። ዲናሞውንና የማቀዝቀዣውን ፋን የሚያዞረው ያው አንድ ቺንጋ ስለሆነ መብራቱ ሲበራ ቺንጋው ተበጥሶ ሊሆን ይችላል፤ "ባትሪው እስኪያልቅ እንሂድ" ካላችሁ ሞተሩ ይቃጠላል። ወዲያው ቁሙ። ትርፍ ቺንጋ፣ ፊውዝ፣ አምፖል፣ ኮንደንሰር፣ የሚመጥኑ መፍቻዎችና ማስጠንቀቂያ ሦስት ማዕዘን ደግሞ በአንድ ቦርሳ ይኑሩ።

ትርኢቱ ላይ ስትደርሱ አዘጋጆቹን ዳር ላይ ቦታ ጠይቁ። መሃል ከገባችሁ በዙሪያችሁ መኪና ይደረደራል። ብዙ ትርኢቶችም ሕዝብ እንዳይጎዳ ሲሉ ከመዝጊያው ሰዓት በፊት መኪና እንዲንቀሳቀስ አይፈቅዱም። ለትንሽ ልጅ 2 ሰዓት በቂ ነው፣ ከዚያ በኋላ የሚመልሰው ሌላ መኪና ቢኖር ለሁሉም ሰላም ነው። በጠዋት ድረሱ፤ በሩ ላይ ያለው ሰልፍ ለድሮ መኪና ከዳገት ይብሳል። ፋኑ በሞተሩ ፍጥነት ስለሚዞር በቀስታ ስትንፏቀቁ አየር አይገፋም። ሰልፉ ከቆመ ሞተሩን ከማጥፋታችሁ በፊት ፎሌ አድርጋችሁ ነዳጁን ትንሽ ከፍ አድርጉ።

የቆመ መኪናም ለልጅ አደገኛ ነው። የእጅ ፍሬኑን አትመኑ፣ ጎማዎቹ ሥር ከሁለቱም በኩል ታኮ አድርጉ፤ ልጅ ማርሹን ይነካልና። በአንዳንድ የድሮ መኪኖች ሞተሪኖው፣ ማለትም ሞተር ማስነሻው፣ በቁልፍ ሳይሆን ወለል ወይም ዳሽቦርድ ላይ ባለ በሚጫኑት በተን ነው የሚሠራው። ማርሽ ውስጥ ከሆነና ልጅ ከረገጠው መኪናው ይዘላል። ስለዚህ ቁልፍ መንቀል አይበቃም፣ የባትሪውን አንድ ጫፍ ፍቱ። ኮፈን ከፍታችሁ ካቆማችሁ ድጋፉ በንፋስ እንደማይወድቅ እዩ።

መኪናውን በገመድ አጥሮ "አትንኩ" የሚል ወረቀት መለጠፍ አልወድም። አንድ በር ክፍት ይሁን፣ አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ይቁም፣ የሚቀመጥ ልጅ ዘለበት ያለው የሱሪ ቀበቶውን ፈትቶ ይግባ። ቀለም የሚቧጭረው እጅ ሳይሆን ዘለበትና ዚፕ ነው። ከእጅም የሚብሰው ባለቤቱ በደረቅ ጨርቅ አቧራ ሲጠርግ ነው፤ አቧራው አሸዋ ነው፣ ቀለሙን ይሞርደዋል። መጀመሪያ ውሃ እርጩበት፣ ከዚያ ለስላሳ ጨርቅ። ማብራሪያውን ለጎብኚ እንዲያደርጉ ልጆቻችሁን ተዉአቸው። ስንት ዓመት ሆነው፣ የትኛው ክፍል የፋብሪካው ነው፣ የቱ ተቀየረ፣ እነዚህን ሦስቱን ካወቁ ይበቃቸዋል፤ የተሳሳቱትን ከጎብኚው ፊት አታርሟቸው።

ስትመለሱ ሰዓቱን ዕዩ። ባለ 6 ቮልት መኪና መብራቱ ደካማ ነው፣ ከኋላ ያለው ሹፌር ፍሬቻችሁን ላያይ ይችላል፤ ጀንበር ሳትጠልቅ ቤት ግቡ። ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ከቆመ ካርቡሬተሩ ውስጥ ያለው ቤንዚን ሊተንን ይችላል፤ ፓምፑ እስኪሞላው ሞተሪኖውን አጠር አጠር አድርጋችሁ አዙሩ፣ በመሃል ዕረፍት ስጡት። ቤት ስትደርሱ ሞተሩ ሙቅ እያለ ከሥሩ ካርቶን አንጥፉና ጠዋት የት የት እንደተንጠባጠበ እዩ። ኋላ የተቀመጡትንም ጠይቋቸው፤ ማን ሽታ ሸተተው፣ ማን እግሩን ሞቀው፣ የትኛው መስኮት አልከፈት አለ። መልሱን ጻፉት፤ የሚቀጥለው ቅዳሜ የጋራዥ ሥራችሁ እሱ ነው።