ሲጥ ሲጥ ያለው ጉንዳን

እሺ። ይቀዳል? ይቀዳል መሰለኝ። የምትሰሙት ማዕበሉን ነው። ጣና ዳር ነኝ፣ ያው የተለመደችው ወንበሬ ላይ። አሳው ገና አልመጣም። አትሳቁ፣ ዛሬም አልመጣም።

ስለ መብራቱ ላወራችሁ ነበር። ግን 3 ቀን ሙሉ አንድ ነገር እየከነከነኝ ነው። እሱን ካላወጣሁት ሌላው አይመጣልኝም።

እታለም ፎቶ ላከችልኝ፣ ከሎጊያ፣ ከአፋር። አሸዋ ላይ የቆመ ነገር። ደረቱ ቀይ፣ ሆዱ ጥቁር፣ ሆዱ ላይ ነጭ ነጠብጣብ፣ ፀጉሩ ከፈይ የመሰለ። ክንፍ የለውም። አብሮ የድምፅ መልእክት አለ፣ 11 ሰከንድ። «ወንድምዓለም፣ ይሄ ምንድን ነው? ልጁ ልያዘው እያለ...» እዚህ ላይ አቆምኩት። ዶክተር ተርብ ነኛ! ስሙን ያወጣችሁልኝ እናንተ ናችሁ፣ ጥፋቱን ተካፈሉኝ። «ጉንዳን ነው፣ አይዞሽ» ብዬ ጻፍኩላት። ሳቅም ጨመርኩበት።

ተርብ ናት። የዚህ ወገን ወንዶቹ ይበርራሉ፣ ሴቶቹ ግን ክንፍ የላቸውም። መሬት ለመሬት እየሮጡ የሌላ ተርብና ንብ ጎጆ ይፈልጋሉ፣ እዚያ እንቁላላቸውን ሊጥሉ። የሚናደፉት ደግሞ ሴቶቹ ብቻ ናቸው። ንድፊያው... አያድርስ ነው።

እና ልጁ ያዛት።

ፎቶውን በሁለት ጣት እየለጠጥኩ ስንቴ አየሁት መሰላችሁ። የጉንዳን አንቴና እንደ ክርን እጥፍ ይላል፣ የመጀመሪያው አንጓ ረጅም ስለሆነ። ወገቡ ላይም ጉብ ያለች ነገር አለችው። ከጎን ቢነሳ ይታያል። የእታለም ፎቶ ግን ከላይ ነው። ወገቡ በፀጉር ተሸፍኗል፣ አንቴናው ደብዝዟል። «ከዚህ ፎቶ አይታወቅም፣ በጎን አንሺልኝ።» ይሄን ማለት ምን ያቅታል? 5 ቃል እኮ ነው። ባሕር ዳር 1,800 ሜትር ላይ ንፋስ እየተቀበልኩ የሎጊያን አሸዋ ተንታኝ!

በረንዳዬ ላይ ያለችውን ጭቃ ለጣፊ ተርብ ታውቋት የለ? ያቺ ወገበ ክር። ክረምት ላይ ጎጇ ወድቆ ተሰበረ። ውስጡ ሸረሪት ጥቅጥቅ ብሏል። ጠጋ ብዬ ሳይ የአንዷ እግር ይንቀሳቀሳል። አልሞቱም ለካ! ነድፋ ታደነዝዛቸዋለች፣ እጯ ሳይበላሹባት እንድትበላቸው። ያን ቀን ምሳ አልበላሁም። ለምን ይሄን አነሳሁት... እንጃ።

ሰዎች ዝንብ ልከው ተርብ ነው ይሉኛል። ክንፉን ቁጠሩ እላለሁ፣ ዝንብ 2፣ ተርብ 4። ይሄን ስናገር ደስ ይለኛል። መጠየቅ ደስ ይለኛል፣ በቃ። ክፋት አለው እንዴ?

የቀረውን መልእክት የሰማሁት ማታ ነው። «...ልጁ ልያዘው እያለ አስቸገረኝ፣ በእንጨት ሲነካው ሲጥ ሲጥ ይላል። ጉንዳን ይጮሃል እንዴ?» ትላለች። ሳቅ እያለች ነው የምትጠይቀኝ። እነዚህ እኮ ሲነኩ ሆዳቸውን እያፋተጉ ይጮሃሉ። ፎቶ ባታይም ከዚያ ይጠረጠራል። እሷ ጆሮዋ ነግሯታል። እኔ...

ልጁ ደህና ነው። እጁ አብጦ ነበር፣ ሌሊቱን ሲያለቅስ አደረ። 6 ዓመቱ ነው። እታለም «ደህና ነው» ብላ ጻፈችልኝ። ሌላ ምንም የለም። በፊት ጊንጡንም ጥንዚዛውንም ሳትልክልኝ አትውልም ነበር። ምናልባት ኔትወርክ ይሆናል። ሎጊያ ኔትወርክ... አይ፣ ትናንት ኦንላይን ነበረች።

ደውልላት ትሉኛላችሁ። ደውዬ ምን ልበል? ይቅርታ ብላት «ምን አጠፋህና» ነው የምትለኝ። እሱ ደግሞ ይብስብኛል።

መልእክቱን ላሰማችሁ? 11 ሰከንድ ናት... ቆይ፣ ቆይ። አሳው መጣ መሰለኝ። አይ። የወዲያኛው ጠረጴዛ ነው።