ፕሪንተሩን ገጥመን ስንሄድ

ጤና ይስጥልኝ። እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬ ብቻዬን ነኝ፣ እንግዳ የለኝም። የማወራችሁ ስለ ፕሪንተር ነው። ቤት ውስጥ ጥግ ይዞ ስለሚቀመጠው ፕሪንተር።

ኮምፒውተር ትንሽ የሚነካካ ሰው ይሄ ሥራ አይቀርለትም። ዘመድ ፕሪንተር ይገዛል፣ እኛ እንጠራለን። ካርቶኑን እንከፍታለን፣ ኬብል እንሰካለን፣ አንድ ወረቀት ይወጣል። «በቃ፣ ይሠራል» ብለን ቡናችንን ጠጥተን እንወጣለን። ብዙም ሳይቆይ ስልክ ይደወላል። «ያ ነገር እምቢ አለ።»

ይሄን ጉዳይ ብዙ አስቤበታለሁ። አንድ ወረቀት ስለወጣ ፕሪንተር ተገጠመ ማለት አይመስለኝም። የቤቱ ሰው እኛን ሳይጠራ የሚጠቀምበት ከሆነ ነው ተገጠመ የሚባለው። ካልሆነ ዕቃው የሳቸው ነው፣ ቁልፉ ግን እኛ ኪስ ውስጥ ነው።

በቅርቡ አክስቴ ፕሪንተር ገዙ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው፣ ማስተማር ግን አልተዉም። ቅዳሜ ቅዳሜ የሰፈር ልጆች ቤታቸው ይመጣሉ፣ አማርኛ ያነባሉ፣ ይጽፋሉ። መልመጃውን የሚያዘጋጁት ራሳቸው ናቸው፣ በላፕቶፕ። እስካሁን በፍላሽ ይዘው ፕሪንት ቤት ይሄዱ ነበር። ፍላሹ ቫይረስ ይዞ ይመለሳል። ፋይሉ ይደበቅና ሾርትከት ብቻ ይታያል። ከዚያ የባሰው ግን የፊደሉ ነገር ነው። ቤት አሳምረው የጻፉት መልመጃ እዚያ ሲከፈት ሳጥን ሳጥን ይሆናል። ወይም መስመሩ ይዛነፍና የመጨረሻው ጥያቄ ሁለተኛ ገጽ ላይ ብቻውን ይወድቃል። ለልጅ ፊደል የሚያስተምር ሰው በዚህ ያዝናል። አክስቴም ያዝኑ ነበር።

የፊደሉ ጉዳይ ምክንያት አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ኮምፒውተሮች ፊደልን በጋራ በሚያውቁበት የቁጥር ሥርዓት ውስጥ፣ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሰው የጻፈባቸው የድሮ የአማርኛ ሶፍትዌሮች እያንዳንዳቸው የራሳቸው አሠራር ነበራቸው። በነሱ የተጻፈ ነገር የሶፍትዌሩ ፎንት፣ ማለትም የፊደሉ ቅርጽ ፋይል፣ የሌለው ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደል ይሆናል። ዩኒኮድ ይሄን አስተካከለው፣ ፎንት ግን ሌላ ጉዳይ ነው። ኒያላ የሚባለውን ፎንት ታውቁታላችሁ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር ነው የመጣው። በዊንዶውስ 10 ግን እንደ አማራጭ፣ ለብቻው የሚጨመር ሆነ። ስለዚህ አንዱ ቤት በኒያላ የተጻፈ፣ ሌላው ቤት በሌላ ፎንት ይተካል። የፊደሎቹ ስፋት ይለያያል፣ መስመሩ ይዛነፋል። መፍትሔው ቀላል ነው። ፕሪንት ቤት የሚሄድ ነገር ሁሉ አስቀድሞ ፒዲኤፍ ይሁን። ፒዲኤፍ ፎንቱን አብሮ ይዞ ይሄዳል። ፕሪንተር ባይኖራችሁም ይቺን ያዙልኝ።

እሺ፣ ወደ ካርቶኑ እንሂድ። አክስቴ የመረጡት ቀለም በጠርሙስ የሚሞላበትን ዓይነት ነው። ለሥራቸው ጥሩ ምርጫ ነው ብዬ አምናለሁ። መግዣው ወደድ ይላል፣ ቀለሙ ግን ይበረክታል። በወር አንዴ ጽሑፍ ብቻ ለሚያወጣ ሰው ግን ጥቁር ብቻ የሚያትም ሌዘር እመርጣለሁ፤ ቀለሙ፣ ቶነር የሚባለው፣ ዱቄት ስለሆነ አይደርቅም። ሌዘር ለገዛችሁ አንድ ማሳሰቢያ አለኝ። ሌዘር ዱቄቱን ወረቀቱ ላይ በሙቀት ነው የሚያጣብቀው፣ ሙቀቱም 200 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይደርሳል። ሲነሳ በአንዴ ብዙ ኃይል ይስባል። ስለዚህ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተር የሚያቆየው የዩፒኤስ ባትሪ ላይ አትሰኩት፣ ግድግዳው ላይ ይሁን።

አክስቴ ዘንድ መጀመሪያ ያደረግነው ፕላስተር መንቀል ነው። አዲስ ፕሪንተር በየቦታው ባለቀለም ፕላስተር ተለጥፎበት ይመጣል። ክዳኑን አንስታችሁ ውስጡንም እዩ፤ አንዷ ከቀረች ወረቀት ይነክሳል ወይም የሚንቀሳቀሰው ክፍል ይቆማል። ቀጥሎ ቀለም። እዚህ ላይ እጄን ሰበሰብኩ። «እርስዎ ይሙሉት» አልኳቸው። መነጽራቸውን አስተካከሉ። ቢጫውን ጠርሙስ ከቢጫው ታንክ ጋር አስተያዩት፣ ቀስ አድርገው ገለበጡት። ቀለሙ እስከ ላይኛው ምልክት ሲደርስ «ቆመ» አሉ። ከዚያ ሰማያዊው፣ ቀዩ፣ ጥቁሩ። አንድም ጠብታ አልፈሰሰም። ቀለም ሲያልቅ ማንንም መጥራት አይኖርባቸውም።

ቀለም ከተሞላ በኋላ ማሽኑ ቀለሙን «ሄድ» ወደሚባለው፣ ቀለም ወረቀቱ ላይ ወደሚረጨው ክፍል ለመሳብ በርከት ያሉ ደቂቃዎች ይፈልጋል። ያን ጊዜ መጥፋት የለበትም። መብራት በሚመላለስበት ሰዓት አትጀምሩት።

አሁን ደግሞ ብዙ ፕሪንተር የሚገድለውን ነገር ልንገራችሁ። እኛ ቤት ዕቃ የምናጠፋው ዲቫይደሩን በመንቀል ነው። ለቀለም ፕሪንተር ይሄ መጥፎ ነው። ቀለሙ የሚወጣባቸው ቀዳዳዎች ከፀጉር የቀጠኑ ናቸው። ፕሪንተሩ በራሱ ቁልፍ ሲጠፋ ሄዱ ወደ ጥጉ ይመለስና ክዳን ላይ ያርፋል፣ አየር አያገኘውም። እየሠራ ሳለ ከግድግዳው ከተነቀለ ሄዱ ባለበት ክፍቱን ይቀራል፣ ቀለሙም ይደርቃል። ከዚያ ማተሚያው መስመር መስመር እየዘለለ ያትማል። ስለዚህ መጀመሪያ በቁልፉ ይጥፋ፣ መብራቱ እስኪጠፋ ይጠበቅ፣ ከዚያ ይነቀል። ቢያንስ በሳምንት አንዴም ባለቀለም ገጽ ይታተምበት። አክስቴ ይሄን ሲሰሙ ቀይ ቢክ አነሱ። «መጀመሪያ በቁልፉ ይጥፋ» ብለው በዚያ በጥቁር ሰሌዳ እጅ ጽሕፈታቸው ጻፉና ክዳኑ ላይ ለጠፉት።

ቀጥሎ ማገናኘቱ ነው። አንድ ላፕቶፕ ብቻ ካለና አጠገቡ የሚቀመጥ ከሆነ፣ እኔ የዩኤስቢ ኬብል እመርጣለሁ። ኬብል ፓስወርድ አይጠይቅም። የዛሬ ዊንዶውስ ኢንተርኔት ካለ ብዙ ጊዜ ድራይቨሩን ራሱ ፈልጎ ይጭናል። ድራይቨር ማለት ላፕቶፑ የሚልከውን ፕሪንተሩ በሚገባው መልክ የሚያዘጋጅ ሶፍትዌር ነው። ራሱ ካላገኘው ከአምራቹ ድረ ገጽ አውርዱ። ጎግል ላይ ቀድሞ የሚመጣውን ሁሉ አትክፈቱ። «ድራይቨርዎን እናድስ» የሚሉ፣ ስልክ ቁጥር አስቀምጠው ደውሉልን የሚሉ ገጾች አሉ፣ ዓላማቸው ገንዘብ መውሰድ ነው። የሞዴሉን ስም ከፕሪንተሩ ላይ ፊደል በፊደል አይታችሁ ጻፉ።

አክስቴ ግን ልጆቻቸው በስልክም እንዲያትሙ ይፈልጋሉ። ስለዚህ በዋይፋይ ሆነ። እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚቸገረው አንድ ቦታ ነው። የዛሬ ራውተሮች፣ ዋይፋዩን የሚያሰራጩት ሳጥኖች፣ ሁለት ዓይነት ሞገድ ይለቃሉ፣ 2.4 ጊጋኸርዝ እና 5 ጊጋኸርዝ። ብዙ የቤት ፕሪንተሮች የሚያውቁት 2.4ን ብቻ ነው። ፓስወርዱ ልክ ሆኖ እምቢ ካለ መጀመሪያ ይሄን እዩ። ለእንግዳ የሚከፈተው «ጌስት» የሚባለው ኔትወርክ ላይም አታስገቡት፤ እዚያ ያሉ ዕቃዎች ብዙ ጊዜ እርስ በርስ አይተያዩም። ፕሪንተሩ ስክሪን ከሌለው፣ ራውተሩ ላይ ደብሊው ፒ ኤስ የሚል ቁልፍ ካለ እሱን ተጫኑ፣ በሁለት ደቂቃ ውስጥም የፕሪንተሩን።

ተገናኘ፣ ታተመ፣ ደስ አለን። እዚህ ላይ ነው ብዙዎቻችን ተነስተን የምንሄደው። ችግሩ ደግሞ የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ላፕቶፑ ፕሪንተሩን «ኦፍላይን» ይለዋል። ፕሪንተሩ ግን በርቷል፣ ወረቀትም አለው። ምን ሆነ? ራውተሩ በቤቱ ላለ ዕቃ ሁሉ አይፒ አድራሻ የሚባል ቁጥር ያድላል። ቁጥሩ ቋሚ አይደለም። መብራት ሄዶ ሲመጣ፣ ትናንት 192.168.1.5 የነበረው ፕሪንተር ዛሬ 192.168.1.8 ሊሆን ይችላል። ላፕቶፑ አሁንም የድሮውን በር ያንኳኳል። ፕሪንተሩ ሌላ ቤት ገብቷል። የሚያሳዝነው ሰው ይሄን ሳያውቅ ፕሪንተሩን ያጠፋል፣ ያበራል፣ ደጋግሞ ይጭናል። ዝርዝሩ ውስጥ ያው ፕሪንተር «ኮፒ 1» የሚል ተጨምሮበት ሁለት ይሆናል። ከዚያ የትኛው እንደሚሠራ ማንም አያውቅም።

ስለዚህ ከመሄዳችሁ በፊት ራውተሩ ውስጥ ገብታችሁ ለፕሪንተሩ አንድ ቁጥር ያዙለት። «አድሬስ ሪዘርቬሽን» ይሉታል። ከዚያ በዚያ ቁጥር ላፕቶፑ ላይ ጨምሩት። ትርፍ ሥራ ነው፣ ግን የኦፍላይንን ስልክ ጥሪ በእጅጉ ይቀንሳል።

ሌላው ዲፎልት የሚባለው ነው፣ ሌላ ካልመረጣችሁ ላፕቶፑ በራሱ የሚልክበት ፕሪንተር። ዊንዶውስ «ሌት ዊንዶውስ ማኔጅ ማይ ዲፎልት ፕሪንተር» የሚል ምርጫ አለው። እሱ ከተበራ ዲፎልቱ መጨረሻ የተጠቀማችሁበት ይሆናል። አክስቴ አንድ ፋይል ወደ ፒዲኤፍ ከቀየሩ፣ በሚቀጥለው ፕሪንት ሲሉ ወረቀት አይወጣም፣ ፋይል የት ላስቀምጥ ብሎ ይጠይቃቸዋል። እሱን አጥፉትና ፕሪንተሩን ራሳችሁ ምረጡ። የወረቀቱንም መጠን እዩ። የአሜሪካ እንግሊዝኛ ሴቲንግ ያለው ላፕቶፕ ሌተር የሚባለውን ወረቀት ይጠብቃል፣ ቁመቱ 279 ሚሊ ሜትር ነው። እኛ የምንጠቀመው ኤ4 297 ነው። በዚህ ምክንያት ገጹ ዝንፍ ይላል፣ አንዳንዱ ፕሪንተርም ሌተር ስጡኝ ብሎ መብራት እያበራ እያጠፋ ይቆማል።

ሌላው የወረፋው ነገር ነው። አንድ ፋይል መሃል ላይ ሲቆም ከኋላው ያለው ሁሉ ይቆማል። ሰው አልወጣ ሲለው ፕሪንት፣ ፕሪንት እያለ ይደጋግማል፣ ወረፋው ይረዝማል። መጀመሪያ ከዝርዝሩ ካንስል ይደረግ። እምቢ ካለ ሰርቪስስ በሚባለው የዊንዶውስ ክፍል ውስጥ ገብታችሁ ወረፋውን የሚይዘውን ፕሪንት ስፑለር አቁሙ፣ ዊንዶውስ፣ ሲስተም 32፣ ስፑል፣ ፕሪንተርስ የሚለውን ፎልደር ባዶ አድርጉ፣ መልሳችሁ አስነሱት። አክስቴ ይሄንንም ደብተራቸው ላይ በቁጥር ጻፉት። «ልጄ፣ ይሄማ የሚሠራ ነው» አሉኝ። የ70 ዓመት ሴት ይሄን አትችልም የሚል ሰው ካለ አክስቴን ላስተዋውቀው እፈልጋለሁ።

ወረቀት ሲነክስ አትጎትቱ። እንዴት እንደሚወጣ ከመናገሬ በፊት ግን አንድ ነገር ልንገራችሁ። እ.ኤ.አ. በ1980 ገደማ አሜሪካ ኤም.አይ.ቲ በሚባለው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሪቻርድ ስቶልማን የሚባል ፕሮግራመር ነበር። የሚሠራበት ላብራቶሪ ከዜሮክስ ኩባንያ አዲስ የሌዘር ፕሪንተር ተሰጠው። ወረቀት ይነክስ ነበር፣ ማሽኑም የተቀመጠው ሌላ ፎቅ ላይ ነበር። በፊት በነበረው ፕሪንተር ላይ ሶፍትዌሩን አሻሽለው፣ ሲቆም ለሚጠብቁት ሰዎች ኮምፒውተራቸው ላይ መልእክት እንዲመጣ አድርገው ነበር። አንዱ ተነስቶ ሄዶ ያስተካክለዋል። በአዲሱ ላይ ግን አልቻሉም፣ የፕሮግራሙ ኮድ አልተሰጣቸውም። ስቶልማን ካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ያለ፣ ኮዱ ያለው ሰው ዘንድ ሄዶ ጠየቀ። ሰውየው ለማንም ላልሰጥ ፈርሜያለሁ ብሎ ከለከለው። ስቶልማን እ.ኤ.አ. በ1983 ግኑ የሚባለውን የነፃ ሶፍትዌር ፕሮጀክት ጀመረ፣ ነፃ ማለት ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ማለት ነው። ለዚህ የተነሳበትን ምክንያት ሲናገርም ይሄን ፕሪንተር ደጋግሞ ያነሳል።

ይሄ ታሪክ ልቤን ይነካዋል። ሰዎቹ የፈለጉት ትንሽ ነገር ነው። የተበላሸው ምን እንደሆነ ማወቅ፣ ራሳቸው ማስተካከል። አክስቴም የሚፈልጉት ይሄንኑ ነው። እና እኛ ገጥመን፣ ምን እንዳደረግን ሳንናገር ስንሄድ ሳናስበው ከልካይ እንሆናለን።

ወረቀቱን፣ አዎ። ፕሪንተሩን አጥፉ፣ የኋላውን ክዳን ክፈቱ፣ ወረቀቱ በሚሄድበት አቅጣጫ በሁለት እጅ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ከተቀደደ ቁራጯን ፈልጉ፣ ውስጥ እንዳትቀር።

ያን ቀን ከመውጣቴ በፊት ፕሪንተሩን ከላፕቶፑ ላይ ሰረዝኩት። «አሁን እርስዎ ይመልሱት» አልኩ፣ ወንበሬንም ወደ ኋላ ሳብኩ። ደብተራቸውን ከፈቱ። ቁጥሩን አስገቡ፣ ሞዴሉን መረጡ፣ ኤ4 መሆኑን አዩ። ብዙ ቆየን፣ ቡናው ሁለተኛ ደረሰ። በመጨረሻ የቅዳሜውን መልመጃ አስር ቅጂ አወጡ። የመጨረሻዋ ጥያቄም እዚያው ገጽ ላይ ነበረች።

እናንተም ለዘመድ ስትገጥሙ አንድ ደብተር አስከፍቱ። የፕሪንተሩ ሞዴል፣ የቀለሙ ቁጥር፣ የዋይፋዩ ስም፣ ያ የያዛችሁለት አድራሻ ይጻፍ። በእናንተ እጅ ሳይሆን በባለቤቱ እጅ። የዋይፋይ ፓስወርድ የቀየራችሁ ቀንም ፕሪንተሩን አትርሱ፣ ለሱ አዲሱን ካልነገራችሁት የድሮውን ይዞ ይቀራል። በሚቀጥለው ስለ ስካን አወራለሁ፣ የድሮ ፎቶና የድሮ ደብዳቤ እንዴት እንደሚቀመጥ። እስከዚያው ሰላም ሁኑ።