የሌዘር ትርዒትን ፎቶ ማንሳት፦ ሹተሩ ስንት ነጥብ ይይዛል?

[ምስል፦ ሁለት ፎቶ ጎን ለጎን። በግራ ሙሉ አረንጓዴ ክብ፣ በቀኝ ከዚያው ክብ አንዲት ቁራጭ ቅስት]

ሁለቱም ፎቶዎች የተነሡት ከአንድ ቦታ፣ በአንድ ካሜራ ነው። የሚታየውም ያው ክብ ነው። የሚለያዩት በሹተር፣ ማለትም ካሜራው ለብርሃን ክፍት ሆኖ በሚቆይበት ጊዜ፣ ብቻ ነው፤ የግራው 1/30 ሰከንድ፣ የቀኙ 1/250። የቀኙ የተቆረጠው ብርሃን አንሶት አይደለም፤ ብርሃኑማ ሞልቶ ተርፏል። ክቡ ተሥሎ ሳያልቅ ሹተሩ ስለተዘጋ ነው።

[ምስል፦ የተከፈተ ፕሮጀክተር፣ ሁለቱ መስታወቶች በቅርበት]

በፕሮጀክተሩ ውስጥ የጣት ጥፍር የማያክሉ ሁለት መስታወቶች አሉ፤ የሚያንቀሳቅሳቸው ሞተር ጋልቮ ይባላል። አንዱ ጨረሩን ወደ ግራና ወደ ቀኝ፣ ሌላው ወደ ላይና ወደ ታች ይመራል። ግድግዳው ላይ በየትኛውም ቅጽበት ያለችው አንዲት ነጥብ ናት። እሷ ስትሮጥ ዓይናችን አያይዞ ክብ ያደርጋታል።

በብዛት የሚገኘው ጋልቮ በሰከንድ 30,000 ነጥብ ይሄዳል። ሥዕሉ 1,000 ነጥብ ካለው በሰከንድ 30 ጊዜ ይሣላል ማለት ነው። ስለዚህ በ1/30 ሙሉውን ታገኛላችሁ። በ1/250 ግን ሹተሩ የሚይዘው 120 ነጥብ ነው፤ ከመቶ አሥራ ሁለት እጁን።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተው ነገር አለ። «እንግዲያው ከ1/30 ዘገም ካልኩ ይበቃኛል» ይልና 1/20 ላይ ያደርገዋል። በ1/20 ሥዕሉ አንድ ጊዜ ተኩል ይሣላል። ስለዚህ ግማሹ አካል አንድ ጊዜ፣ ግማሹ ሁለት ጊዜ ይመታል፤ ፎቶው ላይ ግማሹ ደማቅ ግማሹ ደብዛዛ ሆኖ ይወጣል። ሰውም ፕሮጀክተሩን ይወቅሳል። 1/15 ብታደርጉት ልክ ሁለት ዙር ይገባል፣ ድምቀቱም እኩል ይሆናል። 1/8 ላይ ደግሞ ዙሩ አራት ሊሞላ ትንሽ ይጎድለዋል፤ ልዩነቱ በዓይን ብዙም አይታወቅም።

የሥዕሉን የነጥብ ብዛት ማንም አይነግራችሁም። ግን ዓይናችሁ ይነግራችኋል። ሥዕሉ ረግቶ ከታየ አንዱ ዙር አጭር ነውና ከ1/30 ጀምሩ። ከተርገበገበ፣ በተለይ ብዙ ፊደል ወይም ዝርዝር ያለው ሎጎ ሲመጣ፣ ዙሩ ረዝሟልና ወደ 1/15 ወይም 1/8 ውረዱ። ሥዕሉ ራሱ የሚንቀሳቀስ ከሆነ፣ ለምሳሌ የሚሮጥ ፈረስ ከሆነ፣ ከ1/8 በላይ መቆየት እግሮቹን ያደራርባል።

ድምፅ የሌለውን ኤሌክትሮኒክ ሹተር አጥፉት። አብዛኛው ካሜራ በዚያ ሹተር ሴንሰሩን (ብርሃኑን የሚቀበለውን ክፍል) የሚያነበው ከላይ ወደ ታች በመስመር በመስመር ነው። ነጥቧ በራሷ መንገድ ስትሮጥ ንባቡ በሌላ ይሄዳል፣ ፎቶው ላይም ወፋፍራም ሰንበር ይጋደማል። ሜካኒካል ሹተር ይህ ችግር የለበትም ለማለት ይቻላል፣ ያውም በዘገምተኛ ፍጥነት።

[ምስል፦ በአዳራሽ ጭጋግ ውስጥ የተዘረጋ የብርሃን ጣሪያ]

በአየር ላይ ለሚታዩ ጨረሮች ሒሳቡ ይለያል። ጨረሩ የሚታየው በአየሩ ውስጥ የሚበትነው ነገር ሲያገኝ ነው፤ አዳራሽ ውስጥ ይህን የሚሠራው የጭጋግ ማሽኑ ነው። ጨረሩ በፍጥነት ወዲያና ወዲህ ሲል እንደ ጣሪያ ተዘርግቶ ይታያል። እሱን በ1/60 ብታነሡት ጭጋጉ እንደ እብነ በረድ ሽንትር ሽንትር ብሎ ይቀራል። በ1 ሰከንድ ብታነሡት ያው ሽንትር ተልጎ ሜዳ አረንጓዴ ይሆናል። የመጀመሪያው ይሻላል እንላለን፤ የአየሩን እንቅስቃሴ የሚያሳየው እሱ ነውና። ማሽኑ ገና ከመንፋቱ ጭጋጉ እንደ ደመና ተቆልሎ ስለሚያስቸግር ጥቂት ደቂቃ እስኪሰራጭ ጠብቁት።

መነሻ ቅንብር፦ ማኑዋል፣ አፐርቸር (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት፤ ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል) 2.8፣ አይኤስኦ (የብርሃን ስሜት መጠን) 800፣ ሹተር 1/30፣ ዋይት ባላንስ ቀን ብርሃን ላይ ተቆልፎ፣ ፋይሉ ሮው (ያልተቀናበረ ጥሬ ፋይል)። ካሜራው ትራይፖድ ላይ ከሆነ የሌንሱን ማረጋጊያ አጥፉ። አውቶ ፎከስ ጨረር ላይ መያዣ አያገኝም፤ መብራቱ ሳይጠፋ መድረኩ ላይ ካለ ብረት ፎከስ አድርጉና ወደ ማኑዋል መልሱት።

አሁን ቀለሙ። የተለመደው ፕሮጀክተር ሦስት ሌዘር ይዟል፦ ቀይ 638 ናኖሜትር አካባቢ፣ አረንጓዴ 520 ወይም 532፣ ሰማያዊ 445 ወይም 450። ዓይናችን በብርሃን ይበልጥ የሚነቃው ለ555 ናኖሜትር አካባቢ ስለሆነ አረንጓዴው ይደምቅብናል፣ ሰማያዊው ይደበዝዝብናል። ሴንሰሩ ግን እንደ እኛ አያዳላም። ለዓይን ደብዛዛ የመሰለው ሰማያዊ የሰማያዊውን ቻነል ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶት ሊሆን ይችላል። ነጩ ሂስቶግራም (የፎቶውን ብርሃን ሥርጭት የሚያሳየው ግራፍ) «ደህና ነው» ይላችኋል፤ የሚታመነው ሦስቱን ቀለም ለየብቻ የሚያሳየው ነው።

ኦቨር ሲሆን፣ ማለትም ብርሃኑ ከልክ ሲያልፍ፣ ምን ይሆናል? አረንጓዴው ጨረር መካከሉ ነጭ፣ ጠርዙ ብቻ አረንጓዴ ይሆናል፤ ምክንያቱም 520 ናኖሜትር ብርሃን በቀዩና በሰማያዊው ማጣሪያም ትንሽ ይሾልካል፣ ሲበዛ ሦስቱንም ይሞላል። አውቶ ብትተዉት ደግሞ ካሜራው ጨለማውን አዳራሽ አይቶ ያበራዋል፤ ጨረሩ ይቃጠላል። አንድ ወይም ሁለት ስቶፕ (አንዱ ስቶፕ ብርሃኑን በግማሽ ይቀንሳል) ቀንሱ፣ የጨረሩ እምብርት ቀለም እስኪይዝ ድረስ። የጨለመውን ሕዝብና መድረክ ከሮው ፋይሉ ማንሳት ይቻላል። የነጣውን ጨረር ግን የሚመልሰው ሶፍትዌር የለም።

[ምስል፦ ከላይ የታየ አዳራሽ፤ ፕሮጀክተሩ፣ ጨረሩ፣ ሦስት የመቆሚያ ቦታዎች]

የት ልቁም? ጭጋግ ብርሃንን የሚበትነው በብዛት ወደፊት፣ ጨረሩ ወደሚሄድበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ ከፕሮጀክተሩ ጀርባ ሆናችሁ ስታዩት ጨረሩ ደብዛዛ ነው፣ ወደ ፕሮጀክተሩ ዞራችሁ ስታዩት ግን ይነዳል። ክፋቱ፣ ያማረው ቦታ ሴንሰር የሚጠፋበትም ቦታ መሆኑ ነው።

«ለተመልካች ዓይን ደህና ነው ከተባለ ለካሜራም ደህና ነው» የሚለው ወሬ ስሕተት ነው። በጨለማ የሰፋ የዓይን ብሌን 7 ሚሊሜትር ገደማ ነው። ባለ 50 ሚሊሜትር ሌንስ በአፐርቸር 2 የ25 ሚሊሜትር ቀዳዳ አለው። ጨረሩ በጉዞው ሰፍቶ ሲደርስ ይህ ሌንስ ከዓይን 13 እጥፍ ያህል ብርሃን ሰብስቦ አንዲት ነጥብ ላይ ያሳርፋል። ጉዳቱ ከቅጽበት ባነሰ ጊዜ ይፈጸማል፤ ከዚያ ወዲያ በምታነሡት ፎቶ ሁሉ ላይ ባለቀለም መስመር ወይም የሞቱ ነጥቦች ይታያሉ። መፍትሔው ሴንሰር መቀየር ነው፣ ዋጋውም አንዳንዴ ከአዲስ ካሜራ አይተናነስም።

ስለዚህ ከጨረሩ መንገድ ጎን ወጣ ብላችሁ፣ ዝቅ ብላችሁ ቁሙ፤ ጨረሩ ከራሳችሁ በላይ ይለፍ። የአሜሪካ ደንብ ኦፕሬተር በሚቆጣጠረው ትርዒት፣ ልዩ ፈቃድ ካልተሰጠ በቀር፣ ጨረሩ ሰው ከሚቆምበት ወለል ቢያንስ 3 ሜትር ከፍ እንዲል ያዛል። እንዲህ ባለ አዳራሽ ፎቅ ላይ ወጥቶ ማንሳት ግን ራስን ከጨረሩ ጋር እኩል ማድረግ ነው። መድረኩ ላይ የመስታወት ኳስ ካለ ጨረሩ በየት እንደሚወጣ አይታወቅምና ሌንሱን ከኳሱ አርቁ። ኦፕሬተሩን ቀርቦ «የትኛው ጨረር ወደ ሕዝቡ ይወርዳል?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም።

ባለ መስታወት ካሜራ የያዛችሁ፣ በኦፕቲካል መመልከቻው አትመልከቱ፤ ሌንሱ የሰበሰበው ጨረር በቀጥታ ወደ ዓይን ይገባል። ሚረርለስ (መስታወት የሌለው ካሜራ) የያዛችሁ ዓይናችሁ ይድናል፣ ሴንሰሩ ግን ሁልጊዜ ክፍት ነው። ሳታነሡ ስትቆዩ ክዳኑን ግጠሙ።

[ምስል፦ የሆንግ ኮንግ ቪክቶሪያ ወደብ በምሽት]

ደጅ ላይ ሲሆን ጭጋጉን የሚሰጠው አየሩ ነው። ሆንግ ኮንግ ውስጥ ከእ.ኤ.አ. 2004 ጀምሮ በቪክቶሪያ ወደብ ላይ የሚታየው የብርሃንና የሌዘር ትርዒት ዘወትር ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ (በእነሱ 8 ሰዓት) ይጀምራል፣ 10 ደቂቃ ገደማ ይቆያል። ብዙ ሰው የሚያነሣው ከጺም ሻ ጹዪ ዳርቻ፣ ከባሕሩ ማዶ ነው። አየሩ ደረቅና ጥርት ባለ ምሽት ሕንጻዎቹ ያምራሉ፣ ጨረሮቹ ግን ክር ያህል ይቀጥናሉ። እርጥበት ሲኖር ይገለበጣል። ለሌዘሩ ብላችሁ ከሄዳችሁ እርጥቡን ምሽት ምረጡ።

እዚያ አፐርቸር 5.6፣ አይኤስኦ 200፣ ሹተር 2 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። 8 ሰከንድ ብታደርጉት ጨረሮቹ ሰማዩን ሲጠርጉ ማራገቢያ መስለው ይደበዝዛሉ፣ የሕንጻ መብራቱም ይነጣል። ይልቅ ባለ 2 ሰከንድ ፎቶዎችን አከታትሉና በኋላ ሶፍትዌር ላይ ከየፎቶው ደማቁን ብቻ እንዲያሳልፍ አድርጋችሁ ደርቡ፤ ጨረሩ ይበዛል፣ መብራቱ አይጨምርም። በካሜራው ውስጥ ያለውን የረጅም ሹተር ኖይዝ (ፎቶ ላይ የሚታይ ነጠብጣብ) መቀነሻ አጥፉት። ከእያንዳንዱ ፎቶ በኋላ ያንኑ ያህል ጊዜ ይበላል፣ ትርዒቱ ደግሞ 10 ደቂቃ ብቻ ነው።

[ምስል፦ ጨለማ ክፍል፣ ነጭ ወረቀት ላይ ቀይ የጭስ መጋረጃ የመሰለ ቅርጽ]

ፕሮጀክተርም ጋልቮም የማይፈልግ ሌላ ዓይነት አለ፦ ሉሚያ። ጨረሩ ወጣ ገባ ባለው መስታወት ሲያልፍ ተጣሞ የሐር መጋረጃ መሳይ ቅርጽ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1970 ፊልም ሠሪው ኢቫን ድራየር በካሊፎርኒያ የፊዚክስ ተመራማሪዋን የኤልሳ ጋርማየርን የሌዘር ሥራ በፊልም ቀረጸ። ፊልሙ የቀለሙን ንጽሕና አልያዘለትም፤ ስለዚህ በቀጥታ ለሕዝብ ማሳየት ይሻላል አለ። ሌዘሪየም የተባለው ትርዒት እ.ኤ.አ. በኅዳር 1973 ሎስ አንጀለስ በግሪፊዝ ኦብዘርቫቶሪ (የከዋክብት መመልከቻ) የተከፈተው በዚያ መንገድ ነው። የዛሬው ተራ ስክሪንም የ532 ናኖሜትርን አረንጓዴ እንደ ንጽሕናው ማሳየት አይችልም። ስለዚህ ፎቶው የሚዳኘው በቅርጹ ነው።

ለመሥራት ከ1 ሚሊዋት በታች የሆነ ቀይ ሌዘር፣ የመታጠቢያ ቤት መስኮት ዓይነት ሸካራ መስታወት ወይም የጠርሙስ ቂጥ፣ እና የማያብረቀርቅ ነጭ ወረቀት ይበቃል። ርካሽ አረንጓዴ ሌዘር አትግዙ፤ ብዙዎቹ ከተጻፈባቸው በላይ ጉልበት አላቸው፣ የማይታይ ኢንፍራሬድም ያፈስሳሉ። መስታወቱን ከሌዘሩ ጥቂት ሴንቲሜትር ራቅ አድርጋችሁ እሰሩት፣ ወረቀቱን 1 ሜትር ላይ አቁሙ፣ ካሜራውን ከጎን ሆኖ ወረቀቱን ብቻ እንዲያይ አድርጉ።

የመጀመሪያው ፎቶ አሸዋ የተነሰነሰበት ይመስላል። ኖይዝ አይደለም፣ አይኤስኦ ብትቀንሱም አይጠፋም። የሌዘር ሞገዶች ወረቀቱ ላይ ተበትነው እርስ በርስ ሲጠላለፉ የሚፈጥሩት ነው። አፐርቸሩን 16 ብታደርጉት ነቁጦቹ ይተልቃሉ፣ 2.8 ብታደርጉት ይደቅቃሉ። ጨርሶ ለማጥፋት ሹተሩን 2 ሰከንድ አድርጉና፣ መስታወቱን ሳትነኩ፣ ወረቀቱን ብቻ በገጹ ልክ ወዲያና ወዲህ አንቀሳቅሱት። ቅርጹ ካለበት አይነቃነቅም፣ አሸዋው ግን ይጠፋል። ወረቀቱ ወደ ፊትና ወደ ኋላ ከተወዛወዘ ቅርጹም አብሮ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ በጠረጴዛ ጠርዝ ወይም በማስመሪያ አስደግፋችሁ አንሸራትቱት።