ሐዋሳ ላይ ቀጥሎ ምን ይጨመር? የሚጋጩ ባጃጆች፣ ትልቁ ጎማ እና ሽንት ቤት

መሲ፦ እንኳን ደህና መጣችሁ። ዛሬም ከሐዋሳ ነን። ታሪኩ እንደተለመደው ዘግይቶ መጥቶ ገና ትንፋሹን እየሰበሰበ ነው።

ታሪኩ፦ ባጃጅ አጥቼ ነው ብልስ ማን ያምነኛል?

መሲ፦ ሐዋሳ ውስጥ? ማንም። እሺ፣ የዛሬው ወሬያችን መዝናኛ ፓርክ ነው። በዓል ሲመጣ ልጅ ይዘን ትኬት የምንቆርጥበት ቦታ ማለቴ ነው። ብሩ ተገኘ እንበል፤ ቀጥሎ ምን ይጨመር?

ታሪኩ፦ ትልቁ ጎማ። ፌሪስ ዊል። ሐይቁ ፊት ለፊት ገጭ! አለቀ፣ ፕሮግራሙን መዝጋት እንችላለን።

መሲ፦ ኧረ ቆይ፣ ገና ሰላም እንኳን በቅጡ አልተባባልንም።

ታሪኩ፦ ስሚኝማ። እ.ኤ.አ. በ1893 ጆርጅ ፌሪስ የሚባል ድልድይ የሚሠራ መሐንዲስ ቺካጎ ላይ 80 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው ጎማ አቆመ። 36 ክፍሎች አሉት፣ እያንዳንዱ 60 ሰው ይይዛል። ከ2,000 ሰው በላይ በአንዴ አየር ላይ! ያ የሆነው ከአድዋ 3 ዓመት ቀድሞ ነው። እኛ ዛሬም ጃምፒንግ ላይ ነን።

መሲ፦ ጃምፒንግን አትናቅብኝ፣ ወደሱ እመለሳለሁ። መጀመሪያ ግን ባለፈው በዓል የእህቴን ልጆች ይዤ አንድ ቦታ ሄጄ ነበር። ስሙን አልጠራም። በር ላይ ፍተሻ፣ “ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው” ተባልን፤ ድፎ ዳቦው ጥበቃው ጠረጴዛ ላይ ቀረ። የእኔንም መግቢያ ከፈልኩ። እኔ የምጫወትበት ነገር እንደሌለ እያወቅኩ ማለት ነው። ገባን። ልጆቹ ከሦስት ቀን በፊት ጀምሮ የሚያወሩት ስለሚጋጩት መኪኖች ነው፤ መኪኖቹ ላይ ሸራ ለብሷል። ከሸራው ሥር የአንዷ ቀይ አፍንጫ ወጣ ብሎ ይታያል፣ መሪዋ ላይ ሸረሪት ድሯን አድርታለች። “መለዋወጫ እየመጣ ነው” አለን ልጁ። መቼ? “እየመጣ ነው።”

ታሪኩ፦ አምናም እየመጣ ነበር።

መሲ፦ ከዚያ ትንሿ “ሽንቴ መጣ” አለች። የገባንበትን ነገር አልነግርህም፣ ምሳ እየበላ የሚሰማን ሰው ይኖራል። ብቻ ውሃ የለም፣ በሩም አይዘጋም፤ እኔ በሩን በእግሬ ደግፌ፣ በአንድ እጄ እሷን፣ በሌላው የሁለት ልጅ ጃኬት ይዣለሁ። ስለዚህ የእኔ መልስ ግልጽ ነው። ቀጥሎ የሚጨመረው ሽንት ቤት ነው። ከዚያ ጥላ፣ ከዚያ መቀመጫ።

ታሪኩ፦ እሱማ መኖር ያለበት ነገር ነው። “አዲስ መስህብ” ተብሎ ለሽንት ቤት ሪባን ይቆረጣል እንዴ?

መሲ፦ ይቆረጥለት! ዲዝኒላንድ እ.ኤ.አ. በ1955 ሊከፈት ሲል የቧንቧ ሠራተኞች ሥራ አቁመው ነበር። ለመክፈቻው ቀን ወይ የመጠጥ ውሃው ወይ ሽንት ቤቱ እንጂ ሁለቱም አይደርስም ተባለ። ዋልት ዲዝኒ ሽንት ቤቱን መረጠ። ቀኑ ደግሞ ሙቀቱ ለጉድ ነው፤ አስፋልቱ ገና ትኩስ ስለሆነ የሴቶቹ ሂል እየሰመጠ። “ለስላሳ ሊሸጥልን ነው ውሃ የከለከለን” ብለው አሙት። ያም ሆኖ ምርጫው ልክ ነበር። የተጠማ ሰው ገዝቶ ይጠጣል፤ ሽንቱ የመጣበት ሕፃን ግን ምን ይገዛል?

ታሪኩ፦ እሺ፣ ይሄን ሰጥቼሻለሁ።

መሲ፦ ሌላም አለኝ። ሰውየው የፓርኩ ሐሳብ መጣልኝ የሚለው ሴት ልጆቹ ፈረስ ሽክርክሪት ላይ ሲጫወቱ እሱ አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ሲያይ ነው። ትልቅና ትንሽ አብረው የሚዝናኑበት ቦታ ለምን የለም አለ። ወላጅ እኛ ጋ ምንድን ነው? ጃኬት ተሸካሚ።

ታሪኩ፦ ጫማ ጠባቂም ነው። ጃምፒንጉ አጠገብ ቁጭ ብሎ ጫማ የሚቆጥር።

መሲ፦ አዎ! እንግዲህ ዛሬ የምታነሳውን ሐሳብ ሁሉ አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። አያትና ልጅ አብረው ይገቡበታል ወይ? ካልገቡበት ተራውን ይጠብቅ።

ታሪኩ፦ ጥሩ፣ ይሄን ሞክሪው። የሚጋጩ ባጃጆች።

መሲ፦ ምን?

ታሪኩ፦ የሚጋጭ መኪና ዓለም ሁሉ አለው። እኛ ባጃጅ እናጋጭ። ሰማያዊ፣ ሦስት እግር፣ ዙሪያውን ወፍራም ጎማ። ከፊት ልጁ ይነዳል፣ ከኋላ አያት ቁጭ ብላ “ቀስ በል አንተ!” ትለዋለች።

መሲ፦ “ወራጅ አለ!” ስትል ደወል ይጮኻል።

ታሪኩ፦ ይጮኻል! ደግሞ ቀልድ ብቻ እንዳይመስልሽ። ድሮ የምናውቃቸው የሚጋጩ መኪኖች ከኋላቸው ረጅም ዘንግ አላቸው አይደል? ያ ዘንግ ጣሪያው ላይ ካለው ሽቦ መረብ ኤሌክትሪክ ይወስዳል፣ መመለሻው በብረት ወለሉ ነው። መብራት ሲጠፋ ሁሉም ባለበት ይቆማል፤ ጣሪያውም ወለሉም ጥገና ይፈልጋል። አሁን በባትሪ የሚሠሩ አሉ። ማታ ቻርጅ ይደረጋሉ፣ ሲሚንቶ ወለል ይበቃቸዋል። አንዷ ብትበላሽ አንዷ ብቻ ትቆማለች፣ ሌሎቹ ሥራቸውን ይቀጥላሉ። ለኛ አገር መብራት የሚሆነው ይሄኛው ነው። አካሉን ደግሞ እዚሁ ብረት ቤት ይበይዱታል። ባጃጅ መጠገን የሚችል ልጅ ሐዋሳ ውስጥ ጠፍቶ አያውቅም፣ ስለዚህ “መለዋወጫ እየመጣ ነው” የሚባል ነገር አይኖርም።

መሲ፦ ይሄን ወደድኩት። ከጎኑ ትንሽ መንገድ ይሠራለት፣ ዜብራውም የትራፊክ መብራቱም ያለበት። ልጆቹ ሳይክል ይነዱበታል። ከተማው ሜዳ ነው፣ ሳይክል ድሮም የኛ ነው። የዛሬ ልጅ ግን መኪናው በዝቶ ዋናው መንገድ ላይ ማን ይለቀዋል?

ታሪኩ፦ አያትስ? ሳይክል ትነዳለች?

መሲ፦ የትራፊክ ፖሊሷ እሷ ናት። ፊሽካ ስጣትና ጉድ እይ።

ታሪኩ፦ (ሳቅ) እሺ፣ ሁለተኛ። የውሃ ሸርተቴ። ሐይቅ ይዘን ውሃ ላይ ምንም የለንም።

መሲ፦ ሐይቁ ውስጥ ከሆነ አይሆንም። ቢልሃርዚያ አለበት። ከቀንድ አውጣ የሚወጣ ጥገኛ ተውሳክ ነው፣ በቆዳ ነው የሚገባው፤ መዋጥ አያስፈልግም፣ እግር መንከር ይበቃዋል። ሸርተቴ ካማረህ ክሎሪን ያለው፣ ውሃው በማጣሪያ የሚዞር ገንዳ ሥራ። እሱ ደግሞ ውድ ነው፣ ነፍስ አድን ዋናተኛም ይፈልጋል።

ታሪኩ፦ ጀልባ ግን አለ፣ ጉማሬ ማየት አለ።

መሲ፦ አለ፣ የሕይወት ጃኬት እስካለ ድረስ። ሌላም ነገር ላንሳ። ይሄ ሐይቅ መውጫ የለውም። ጥቁር ውሃ ይገባል እንጂ የሚወጣ ወንዝ የለም። ዝናብ በበዛበት ዘመን ይሞላል፤ ግድቡ የተሠራው ለጌጥ አይደለም። ዳሩ ላይ ከባድ ማሽን ልትተክል የሚያምርህ ካለህ መጀመሪያ ሽማግሌዎቹን “ውሃው እስከ የት ደርሶ ያውቃል?” ብለህ ጠይቅ።

ታሪኩ፦ ጎማዬን ልታሰምጪው ነው።

መሲ፦ ጎማህ ገና አልመጣም። የኔ ተራ ነው። አሞራ ገደል ጠዋት ሄደህ ታውቃለህ?

ታሪኩ፦ ዓሣ ሾርባ ለማን ነው የምትነግሪው?

መሲ፦ አጥማጆቹ ዓሣውን ሲያራግፉ፣ ልጆቹ ቆሮሶውን በቢላዋ ፈጠን ፈጠን እያሉ ሲገፉት፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ አባ ኮዳዎቹ ደግሞ ካፖርት እንደለበሰ ዘበኛ ትከሻቸውን ሰብስበው ይቆማሉ። አንድ ቁራጭ አንጀት ስትወረወር ያ ሁሉ ክብር ይቀራል፣ ግፊያ ነው። አባ ኮዳ የማይውጠው ነገር የለም። አሁን አንድ የሆላንድ ፓርክ ልንገርህ፣ ኤፍቴሊንግ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1952 ሲከፈት ዋናው ነገሩ ማሽን አልነበረም፣ ተረት ነበር፤ ጫካ ውስጥ እየሄድክ ተረቶቹን ታያለህ። እዚያ አንድ የሚያወራ ቆሻሻ መጣያ አለ፣ ትልቅ አፍ ያለው ወፍራም ሰውዬ። “ወረቀት እዚህ!” እያለ ይጣራል፣ ስትሰጠው ስቦ ይውጥና ያመሰግንሃል። ልጆች ቆሻሻ ፍለጋ ግቢውን ያስሳሉ!

ታሪኩ፦ አባ ኮዳ!

መሲ፦ አባ ኮዳ! ቁመቱ ከልጁ የሚበልጥ፣ መንቁሩን የሚከፍት አባ ኮዳ። የውሃ ላስቲኩን ይውጣል፣ በሲዳምኛም በአማርኛም ያመሰግናል። ከትልቁ ጎማህ ጋር ሲነጻጸር ዋጋው ምንም ነው። ሐዋሳ የመጣ የአዲስ አበባ ልጅ ቤቱ ሲመለስ የሚያወራው ስለ እሱ ነው።

ታሪኩ፦ በዚሁ የተረት መንገዱንም ይሥሩልን። ስንዝሮ አለ፣ ጦጣና ጅብ አሉ። እውነተኞቹ ጦጣዎችም ዛፉ ላይ ሆነው ሳንቡሳሽን ይቀሙሻል። ተረቱን አያት ነች የምትነግረው፣ ስለዚህ ያንቺን ፈተና አለፈ።

መሲ፦ እንዲያውም ከፍ ብሎ አለፈ። አሁን ወደ ጃምፒንጉ ልመለስ። ጃምፒንጉን የሚነፋውን ማሽን ታውቀዋለህ አይደል? በዚያው ዓይነት ማሽን የሚነፋ ድንኳን አለ፣ ክብ፣ ውስጡ ጨለማ። ተጋድመህ ቀና ስትል ፕሮጀክተሩ ጣሪያው ላይ ሰማዩን ይዘረጋልሃል። ተንቀሳቃሽ ፕላኔታሪየም ነው። ይሄ ነገር ሌላ ከተማ ቢሆን ለጊዜ ማሳለፊያ ነው፤ ሲዳማ ላይ ግን ቤቱ ነው። የሲዳማ ዘመን መለወጫ፣ ፊቼ ጫምባላላ፣ መቼ እንደሚውል የሚለየው ከዋክብት አይተው በሚናገሩት አያንቶዎች ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2015 በዓሉን መዝግቦታል። ጉዱማሌ ላይ ያን ሁሉ ሕዝብ እናያለን፣ ልጆቹ “አይዴ ጫምባላላ” እያሉ ቤት ለቤት ሲሄዱ እናያለን፣ ቡርሳሜውንም እንበላለን። አያንቶው ሰማይ ላይ የሚያየው የትኛውን ኮከብ እንደሆነ ግን ከኛ መሐል ስንቱ ያሳያል? ድንኳኑ ውስጥ የሚያስረዳው ራሱ የሚያውቀው ሽማግሌ ይሁን፤ ይከፈለውም።

ታሪኩ፦ ዝናብ ሲመጣም ሰው የሚጠለልበት ይሆናል። አሁን እኮ አንድ ደመና ሲያይ ግቢው በሙሉ ወደ በሩ ነው የሚሮጠው።

መሲ፦ ትኬቱ ደግሞ አይመለስም።

ታሪኩ፦ በነገራችን ላይ ዊልቸር የሚገባበት ሽክርክሪትም አለ። ቴክሳስ ሳን አንቶንዮ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 የተከፈተ ሞርጋንስ ወንደርላንድ የሚባል ፓርክ አለ፣ አካል ጉዳተኞች በነፃ ነው የሚገቡት። እኛ ጋ መጀመሪያ በሩ ላይ ያለውን ደረጃ በራምፕ ይቀይሩልን።

መሲ፦ ሲሚንቶና አሸዋ ነው፣ በአንድ ቀን የሚያልቅ። እሺ፣ አሁን ጎማህን አምጣው። እንዳትቀየም ግን፣ ሐይቁንና ከተማውን ከላይ ለማየት ታቦር አለ። ትኬት ሳልቆርጥ ወጥቼ አየዋለሁ። ሚሊዮኖች አውጥቼ ያው እይታ ለምን?

ታሪኩ፦ እናትሽ ታቦርን ወጥታ ታውቃለች?

መሲ፦ ...ጉልበቷን እያመማት የት ትወጣለች።

ታሪኩ፦ የእኔም እናት እንደዚያው። ይሄን ሁሉ ዓመት ሐዋሳ ኖራ ሐይቁን ከዳር እንጂ ከላይ አይታው አታውቅም። ጎማው ለልጅ ብቻ ይመስልሻል? ልጅማ ሮጦ ታቦር ይወጣል። ጎማው ለጉልበተ ደካማ ነው። ቁጭ ትያለሽ፣ ቀስ ብሎ ያነሳሻል፤ አላሙራ ከዚያ፣ ጥቁር ውሃ ከዚህ፣ ጀልባዎቹ ከታች። የልጅ ልጇ “አያቴ፣ ቤታችን የቱ ጋ ነው?” ይላታል።

መሲ፦ በገዛ ፈተናዬ ያዝከኝ።

ታሪኩ፦ ያዝኩሽ።

መሲ፦ እሺ ይሁን፤ ቅድመ ሁኔታ ግን አለኝ። እናቴ ላይኛው ጫፍ ላይ ስትደርስ መብራት ቢጠፋስ?

ታሪኩ፦ ጄኔሬተር ግድ ነው። እሱም እንቢ ካለ፣ ሰው ቀስ እያለ በእጅ የሚያወርድበት መንገድ ያለው ጎማ ነው የሚገዛው። አስጫኙም አንድ ወገን ብቻ ሰው እየሞላ ጎማውን ማዛባት የለበትም፣ ወዲያና ወዲህ እያመጣጠነ ነው የሚጭነው። ሥልጠና የሚባለው ይሄ ነው። ለእንደዚህ ዓይነት መጫወቻ አይኤስኦ 17842 የሚባል የደህንነት ደረጃ አለ፤ ዕቃው ሲገዛ ውሉ ላይ ይግባ። ጠዋት በር ሳይከፈት ብሎኑ፣ ብየዳው፣ የበሩ መቆለፊያ ይታያል፤ ያየው ሰው ስሙን ጽፎ ይፈርማል፣ ወረቀቱም ትኬት መሸጫው ላይ ይለጠፍ።

መሲ፦ ወረቀቱ ወድጄዋለሁ። ያልተፈረመ ቀን ትኬት የለም። ዩኒቨርሲቲው የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት አለው፣ የቴክኒክና ሙያ ልጆች አሉ፤ ማሽኑ ሲገጠም ጀምሮ አብረው ይቁሙ። ገጣጣሚው ከውጭ መጥቶ አስረክቦ ከሄደ በኋላ ነው እኮ ሸራ የሚለብሰው።

ታሪኩ፦ ተስማማን?

መሲ፦ ሽንት ቤቱ መጀመሪያ። ከዚያ ጥላው፣ አባ ኮዳው፣ ባጃጁ። ጎማው ከነጄኔሬተሩ፣ ከዳሩ ፈቀቅ ብሎ። አያቶችም በነፃ ይግቡ፤ ጃኬት የምትይዝ ሴትዮ መግቢያ አትከፍልም።

ታሪኩ፦ ከስንት ዓመት በላይ?

መሲ፦ 60።

ታሪኩ፦ በር ላይ መታወቂያ ይታያል ማለት ነው?

መሲ፦ ይታያላ፣ ፋይዳ አለ አይደል።

ታሪኩ፦ እንግዲያው የእኔን እናት እርሻት። ሰልፍ ላይ ሰው እየሰማት 60 አልፎኛል ከምትል ሁለት ትኬት ትገዛለች።